ሳላጠፋው የወረድኩት መብራት

አረንጓዴ መብራት ማንንም አያስገድድም። ይሄን ቀድሜ ልንገራችሁ፣ የቀረው ሁሉ ከዚህ ነው የሚመጣው።

ቀይ ካየህ ጥግ ትይዛለህ፣ ሕግ ነው። የእሳት አደጋ መኪና ነው ወይ አምቡላንስ ነው። ሰማያዊ ብልጭ ድርግም ሲል ካየህ በረዶ ጠራጊው ነው፣ ከኋላው ዝግ ብለህ ትከተላለህ። ቢጫው መኪና ጎታች ነው፣ መንገድ ሠሪ ነው፣ ምናምን። አረንጓዴው ግን የኛ ነው፣ የበጎ ፈቃደኞቹ እሳት አጥፊዎች። ወገባችን ላይ ያለው የጥሪ መሣሪያ፣ ፔጀራችን፣ ሲጮህ ከሥራ ወይ ከአልጋ ተነስተን በገዛ መኪናችን ስንበር ዳሽቦርድ ላይ የምናበራው። ፍጥነት አያስጨምርህም፣ የትራፊክ መብራት አያስጥስህም። ዝም ብሎ «እባካችሁ፣ የሆነ ሰው ቤት እየነደደ ነው» ነው የሚለው። የፈለገ ያሳልፍሃል፣ ያልፈለገ አያሳልፍህም፣ ምንም ማለት አትችልም።

እና አንድ ደንብ አለው። ስትደርስ ታጠፋዋለህ። አለቃችን ሞይራ አዲስ ሰው በገባ ቁጥር ይቺን ሳትል አትውልም። «ሥራው መንገድ ላይ ነው። መኪናህን ካቆምክ ሥራው አልቋል። አጥፋው።»

እኔ ሳላጠፋው ወረድኩ።

የኔ መብራት ደግሞ የአጎቴ የግሌን ነበር። ሃያ ዘጠኝ ዓመት በጎ ፈቃደኛ ሆኖ ሲያበራው የኖረ፣ ክብ፣ ጎድጓዳ የሾርባ ሳህን የሚያክል፣ ውስጡ አምፖል ቀስ እያለ የሚሽከረከር የድሮ ነገር። አዳዲሶቹ መኪናውን ስታጠፋው አብረው ይጠፋሉ። የአጎቴ ግን በቀጥታ ከባትሪው ጋር ነው የተያያዘው፣ ራስህ ካላጠፋኸው አይጠፋም። ሞይራ ሁለቴ ቀይረው ብላኛለች። ዱዋይት የሚባል አንድ ነገረኛ አለን፣ እኔ ጣቢያው ጋ በደረስኩ ቁጥር «ኧረ ዲስኮ ቤቱ መጣ! ማነው ዳንስ የሚፈልግ?» ይላል። እኔ ግን አልቀይርም አልኩ። ግሌን ጡረታ ሲወጣ በእጄ የሰጠኝ ነው፣ እንዴት አድርጌ ልቀይረው?

የካቲት ውስጥ ነው፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ። ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያ ስድስት፣ ንፋሱ በረዶውን ከማሳው እያነሳ መንገድ ላይ ይበትነዋል። የከብት መኖ ፋብሪካው ውስጥ ከረጢት እየደረደርኩ ነበር፣ ፔጀሩ ጮኸ። «የፌንስትራ እርሻ። መኖሪያ ቤት። ውስጥ ሰው ሊኖር ይችላል።»

ፌንስትራዎቹን የማያውቅ የለም። ሄንድሪክ ፌንስትራ ትምህርት ቤት ከኔ አራት ዓመት ይቀድም ነበር፣ አሁን መቶ ምናምን ላሞች ያልባል። አባቱ ሽማግሌው ሲትሴ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፣ ፎቅ ላይ ነው የሚተኙት። «ውስጥ ሰው ሊኖር ይችላል» ሲል ማን እንደሆነ ሁላችንም አውቀናል።

አረንጓዴውን አብርቼ ወጣሁ። ከፊቴ አንዲት ሴትዮ በትንሽ መኪና ትሄድ ነበር፣ በመስታወት አየችኝና ወዲያው ጥግ ያዘችልኝ፣ እጇን አወጣችልኝ። የጎማዋ ግማሽ ቦይ ውስጥ ሊገባ ምንም አልቀረውም።

የእርሻው ዋና መግቢያ በስድስተኛው መንገድ በኩል ነው። ፋብሪካው ግን ወንዝ ዳር ስለሆነ ለኔ የሚቀርበኝ የኋላው መንገድ ነው፣ ትራክተር የሚወጣበት ቀጭን ነገር። ልጅ ሆነን ሄንድሪክ ጋ ገለባ ልንጭን የምንመጣበት። እስከ አጥሩ ድረስ በፒክአፔ ገባሁ፣ ከዚያ በላይ በረዶ ተቆልሏል። ቤቱ ከጥድ ዛፎቹ ኋላ ነው፣ ጭሱ ብቻ ነው የሚታየው፣ ጥቁር። ወረድኩ፣ ልብሴን ለበስኩ፣ አጥሩን ዘልዬ በማሳው ሮጥኩ። በሩን ዘግቼዋለሁ፣ እሱን አስታውሳለሁ። መብራቱን አላስታውስም። ጭራሽ ትዝም አላለኝም።

ስደርስ ትልቁ መኪናችን ቆሟል፣ ቦቴያችን ውሃውን ተጣጣፊው ገንዳ ውስጥ እየገለበጠ ነው። እዚህ ገጠር የውሃ መስመር የለም፣ ያለህ ውሃ በቦቴ ያመጣኸው ብቻ ነው። የኛ ቦቴ ገልብጦ ወንዝ ወርዶ ሞልቶ እስኪመለስ ሃያ ደቂቃ ይፈጅበታል። ያን ክፍተት የሚሞላልን ከወንዙ ማዶ ነው፣ ከአሜሪካኖቹ። ሁለት አገር፣ ሁለት ከተማ ነን፣ አንድ ድልድይ። እነሱ ጋ ሲነድ እኛ እንሄዳለን፣ እኛ ጋ ሲነድ እነሱ ይመጣሉ፣ የድንበር ጠባቂዎቹ ደውለን ከነገርናቸው በሩን ከፍተው ይጠብቃሉ። የነሱን ቦቴ የሚነዳው ቨርን ላፖይንት ነው። ሰባ አንድ ዓመቱ፣ ሠላሳ ሦስት ዓመት ያንን ቦቴ ነድቷል። አንድም ቀን አርፍዶ አያውቅም።

ሄንድሪክ በረንዳው ላይ ቆሟል፣ ሁለት ሰው ይዞታል። ፊቱ ጥላሸት ነው፣ አንድ እጁ ተቃጥሏል። «ፎቅ ነው! አባቴ ፎቅ ነው! ሁለቴ ገባሁ፣ ደረጃው ላይ ትንፋሼ ቆመ!» ይላል፣ ደጋግሞ።

ሞይራና ዱዋይት የውሃ ጎማውን ይዘው ገቡ። እኔ በር ላይ ሆኜ ጎማውን እየሳብኩ አቀብላቸዋለሁ። ደረጃው ላይ እየወጡ ነው፣ በሬዲዮ ሞይራን እሰማታለሁ። «ስድስተኛው... ሰባተኛው ደረጃ ላይ ነን። አራት ይቀራል።»

እና ጎማው እጄ ውስጥ ለሰለሰ።

እንዴት እንደምገልጸው አላውቅም። ውሃ የሞላው ጎማ እንደ እንጨት ነው፣ ይታገልሃል። ከዚያ በድንገት እንደ ጨርቅ ሆነ። ፓምፑ ጋ ያለው ልጅ «ገንዳው ባዶ ነው!» እያለ ይጮሃል፣ «ማዶዎቹ የታሉ? የታሉ ማዶዎቹ?»

ውሃ ሳይኖርህ እሳት ውስጥ አትቆምም። ሞይራ ዱዋይትን በቀበቶው እየጎተተች ወጣች። ደረጃው ከኋላቸው ወደቀ። ሄንድሪክ አየ፣ እና መጮህ አቆመ። መጮህ ማቆሙ ነበር የባሰው።

ውሃ ያጣነው ዘጠኝ ደቂቃ ነው። በኋላ ቆጥረውታል። የኛው ቦቴ ነው ቀድሞ የተመለሰው፣ የቨርን ሳይሆን። የቨርን በትራክተር እየተጎተተ በስድስተኛው መንገድ ሲመጣ እኛ ግድግዳ እያራስን ነበር።

«ምን ሆኖ ነው?» አልኩት ዱዋይትን።

«መንገድ ጠፋበት። በኋላው መንገድ ገብቶ ግማሽ መንገድ ላይ በረዶ ውስጥ ተቀረቀረ ነው የሚሉት። ስድስተኛው መንገድ ተብሎ ተነግሮታል'ኮ! ቨርን አበቃለት በቃ።»

የኋላው መንገድ። እመኑኝ፣ ያን ጊዜም አልገባኝም። መኪናዬ እዚያ እንዳለ አውቃለሁ፣ ግን ሁለቱን ነገር አላገናኘኋቸውም። ወይ ማገናኘት አልፈለግኩም፣ እንጃ።

ሽማግሌውን ሲትሴን ከሰዓት በኋላ አወጧቸው። አልጋቸው ውስጥ ነበሩ።

አሥር ሰዓት ገደማ ሁሉም ሲበተን ሞይራ «መኪናህ የታለ?» አለችኝ። ነገርኳት። በሷ መኪና በወንዝ ዳሩ መንገድ ዞረን ሄድን፣ ጠራጊው አልፎበት ስለነበር ገባን። ግራና ቀኝ የቦቴው ጎማ የቆፈረው አለ። እሱን አልፈን መቶ እርምጃ ያህል እንደሄድን የኔ ፒክአፕ አጥሩ ጋ ቆሟል፣ ግማሹን በረዶ ሸፍኖታል። ቁልፉን አዞርኩ። ጭጭ።

«ባትሪ ሞቷል» አልኩ።

«ኮፈኑን ክፈተው።»

የሷን መኪና አስጠግታ ሁለቱን ባትሪዎች በኬብል አያያዘቻቸው። እኔ ከውስጥ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። የመጨረሻዋን ስታስይዝ ትንሽ ብልጭ አለ፣ እና ዳሽቦርዱ ላይ፣ እኔ ምንም ሳልነካ፣ መብራቱ መዞር ጀመረ። ቀስ ብሎ። አረንጓዴ በመስታወቱ ላይ፣ አረንጓዴ በበረዶው ላይ፣ አረንጓዴ በሞይራ ፊት ላይ።

እና ገባኝ። በየበጋው ከማዶዎቹ ጋር አብረን እንለማመዳለን፣ በየበጋው አንድ ሰው ተነስቶ ይሄን ይናገራል፣ እኛም በየበጋው እያዛጋን እንሰማለን። እነሱ ጋ የበጎ ፈቃደኞቹ መብራት ሌላ ቀለም ነው። አረንጓዴ የሚሽከረከር ነገር እነሱ ጋ አንድ ትርጉም ነው ያለው፦ አዛዡ እዚህ ነው፣ ወደዚህ ና። ሬዲዮአችን ከነሱ ሬዲዮ ጋር አይገናኝም። ቨርን በበረዶ ውስጥ ከድልድዩ ሲወርድ ጭስ አየ፣ ከጭሱ ሥር አረንጓዴ ሲዞር አየ። ሠላሳ ሦስት ዓመት የተማረውን አደረገ። ወደ መብራቱ ዞረ።

ሞይራ መጣች፣ በመስኮቱ እጇን አስገባች፣ ማጥፊያውን ተጫነችው። ቆመች። እሷ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነው የምትነዳው፣ ልጅ ከኋላዋ ሆኖ ሲዋሽ ዞር ሳትል ታውቃለች። ጥላሸት በአፍንጫዋ ዙሪያ ደርቋል።

«ብርዱ ነው ባትሪህን የገደለው» አለች።

«ይሆናል አለቃ» አልኩ።



ሐሙስ ዕለት ጣቢያው ውስጥ ሰበሰበችን። ማዶዎቹ ደውለዋል፣ ቨርን «አረንጓዴ አይቼ ነው የዞርኩት» ብሏል፣ ዘገም ብሎ የሚዞር፣ ከዚያ በረዶው ሲበረታ ጠፋብኝ ብሏል። ሞይራ ወረቀት ይዛ ቆመች። «አንድ በአንድ እጠይቃለሁ። ስትደርሱ መብራታችሁን አጥፍታችኋል?»

«አጥፍቻለሁ።» «አጥፍቻለሁ።» ዱዋይት፦ «እኔ ከሷ ጋር በትልቁ መኪና ነው የመጣሁት፣ ኪሴ ውስጥ ካላበራሁት በቀር።» ትንሽ ሳቅ ሆነ። ከዚያ ሞይራ ወደኔ ዞረች፣ ዓይን ዓይኔን እያየች።

«ብሮዲ?»

«አጥፍቻለሁ» አልኩ።

ጻፈችው። ብዕሯ ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ሰማሁት።

«በቃ ያ ሰውዬ አረጀ ማለት ነው» አለ ዱዋይት። «የሌለ መብራት የሚያይ ሰው ውሃ ጭኖ መንዳት የለበትም። አያድርስ ነው። ሰው ሞቷል'ኮ።»

ማንም አልተቃወመው። እኔም ጭምር።

ቀብሩ ቅዳሜ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ባለው አዳራሽ ሴቶቹ ሳንድዊች በትሪ ደርድረዋል፣ ሰው ሁሉ ቡናውን ይዞ ግድግዳ ግድግዳውን ቆሟል። ቨርን ድልድዩን ተሻግሮ መጥቶ ነበር፣ ብቻውን። ሙሉ ልብስ ለብሷል፣ ክራቫቱ አጭር ሆናበታለች። ሄንድሪክ ጋ ሄዶ እጁን ዘረጋ። ሄንድሪክ በፋሻ የታሰረውን እጁን አሳየው፣ መጨበጥ አልችልም እንደማለት። ግራ እጁን ግን አልሰጠውም። ሰው ሁሉ አየ።

ከዚያ ቨርን ወደኔ መጣ። ለምን ወደኔ እንደመጣ እንጃ፣ ምናልባት ብቻዬን ስለቆምኩ ይሆናል።

«የግሌን ወንድም ልጅ አይደለህ?»

«ነኝ ጋሼ ቨርን።»

«ግሌን ደህና ነው? ያ ሰነፍ። አንድ ጊዜ ቦቴዬ ውስጥ ዓሣ ከቶብኝ ነበር፣ ነግሮሃል? ሙሉ ዓሣ! ፓምፑን ዘጋብኝ።» ሊስቅ ሞከረ፣ ሳቁ አልወጣለትም። ኩባያውን እያዞረ ቆየ። «ልጄ፣ ዓይንህ ደህና ነው?»

«ዓይኔ? ደህና ነው።»

«ጠብቀው። የኔ የሌለ ነገር ያሳየኝ ጀመር። ሐኪሙ ጋ ሄድኩ፣ ዓይንህ ምንም አልሆነም አለኝ። ዓይኔ ካልሆነ እንግዲህ...» በጣቱ ግንባሩን ነካ። «ይሄ ነው ማለት ነው። እናቴም እንዲህ ነበር የጀመራት። ባዶ በረት ውስጥ ላም አየሁ ትል ነበር።»

«ጋሼ ቨርን...»

«የልጅ ልጄን ወደ ሆኪ ልምምድ የምወስዳት እኔ ነበርኩ፣ ማክሰኞና ዓርብ። እናቷን አንቺ ውሰጃት አልኳት። መንገድ ላይ ደግሞ የሌለ ነገር አይቼ ብዞርስ?»

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፍቻለሁ'ኮ። ግን ሄንድሪክ አምስት እርምጃ ላይ ቆሟል፣ ሚስቱ ክንዱን ይዛዋለች፣ የሰው ሁሉ አባት የሞተ ይመስል ነበር አዳራሹ። «አይዞዎት» አልኩት። አይዞዎት! እስከ ዛሬ ያቺን ቃል ሳስባት ፊቴ ይነዳል።

የጋራ ስብሰባው የሚቀጥለው ዓርብ ነበር፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት፣ እኛ ጣቢያ። መኪኖቹን አውጥተን ወንበር ደረደርን። ከማዶ ስድስት ሰው መጣ። አዛዣቸው ከኔ ብዙም የማይበልጥ ሰው ነው፣ ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ እያነበበ፣ አንገቱ ቀልቷል። ቦቴው የተነገረውን መንገድ ትቶ በሌላ መንገድ ገባ፣ ምክንያቱ የነጂው ስህተት ነው፣ ነጂው በገዛ ፈቃዱ ከዛሬ ጀምሮ ያቆማል። እንዲህ ነው ያነበበው። ሲጨርስ «ጋሼ ቨርን፣ የሚሉት ካለ» አለ፣ እንደሚያለቅስ ሰው።

ቨርን ተነሳ። የቦቴውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ፣ በቀይ ገመድ የታሰረ ነው። «የፌንስትራን ቤተሰብ ይቅርታ እጠይቃለሁ። አረንጓዴ ያየሁ መስሎኝ ነው። አላየሁም።» ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ሊያስቀምጥ ጎንበስ አለ።

«አይተዋል» አልኩ።

ድምፄ በጣም ትንሽ ነበር። ዱዋይት ብቻ ዞረ። «ምን አልክ?»

ተነሳሁ። ወንበሩ ከኋላዬ ወደቀ። «አይተዋል ነው ያልኩት። የኔ መብራት ነው። በኋላው መንገድ ገብቼ አጥሩ ጋ ነው መኪናዬን ያቆምኩት። መብራቱን ሳላጠፋው ነው የሮጥኩት። ያን ሐሙስ ስጠየቅ ዋሸሁ።»

ዱዋይት አፉን ከፍቶ ቀረ፣ በሕይወቴ መጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አጥቶ አየሁት።

ቨርን ቁልፉን እንደያዘ ነው። «ክብ ነው?» አለኝ።

«አዎ። ክብ ነው።»

«ዘገም ይላል? እንደ አዲሶቹ ብልጭ ብልጭ አይልም?»

«ይዞራል። ቀስ ብሎ። የግሌን ነው።»

«የግሌን።» ወደ አዛዡ ዞረ። «ዘገም ይላል ብዬህ አልነበረም? መጀመሪያ ቀን ምን አልኩህ? ዘገም ብሎ የሚዞር አላልኩህም?»

«ብለውኛል» አለ አዛዡ።

ቨርን ተቀመጠ። ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መሬቱን ያያል፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እያለቀሰ መስሎኝ ልጠጋው አንድ እርምጃ ሄድኩ። ቀና ሲል ግን ዓይኑ ደረቅ ነው። ንዴት ነው።

«አሥር ቀን» አለኝ። «አንተ ልጅ፣ አሥር ቀን ሙሉ አብጃለሁ ብዬ ነው የተኛሁት። ቀብር ላይ ጠየቅኩህ። ፊት ለፊትህ ቆሜ ጠየቅኩህ!»

«አዎ።»

«አይዞዎት አልከኝ።»

«አዎ ጋሼ ቨርን።»

ቁልፉን ኪሱ ውስጥ መለሰው። እጄን አልጨበጠኝም፣ እኔም አልዘረጋሁም።

ከዚያ ሞይራ ተነሳች። ወረቀቷን አጣጠፈችው። «ይሄ ደግሞ ይጻፍ» አለች። «እኔ አውቅ ነበር። ባትሪውን ያስነሳሁለት እኔ ነኝ፣ መብራቱ ሲዞር አይቻለሁ። ሐሙስ እለት የጠየቅኩት ራሱ ይናገር ብዬ ነው። አጥፍቻለሁ ሲል ጻፍኩት። ዛሬ ስብሰባው ሳይበተን እናገራለሁ ብዬ ነበር የመጣሁት። ብዬ ነበር። እናገር ነበር ወይ ብትሉኝ...» አልጨረሰችውም። «የኔን ነገር የከተማው ምክር ቤት ይየው። ብሮዲ፣ መብራቱን አምጣ።»

ወጥቼ ፒክአፑ ውስጥ ገብቼ ፈታሁት። ጓንት አድርጌ ብሎኑ አልያዝ አለኝ፣ በባዶ እጄ ነው የፈታሁት፣ ብረቱ ቆዳዬ ላይ እየተጣበቀ። ሽቦውን በካራ ቆረጥኩት። አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ፣ ቁልፉ ሊቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ አስቀመጥኩት። አቧራ ይዞታል። ጠፍቶ ሲታይ ምንም አያክልም።

አንድ ዓመት ታገድኩ። እሱ ትክክል ነው። ግን ሌላ የቀረኝ ነገር ነበር፣ ስብሰባው ላይ ሄንድሪክ አልነበረም። የማለቢያ ሰዓቱ ነው፣ ላሞች ስብሰባ አያውቁም። ነገ ከሌላ ሰው እንዲሰማው አልፈለግኩም። በቀጥታ ወደሱ ነዳሁ።

ቤቱ ጥቁር ሆኖ ቆሟል፣ በረቱ ግን መብራት አለው፣ ማሽኑ ይሰማል። ሄንድሪክ ላሞቹ ከሚቆሙበት ዝቅ ባለው የአላቢ ቦታ ላይ ሆኖ በጤነኛው እጁ ብቻ እየሠራ ነው። አንዲቷን ላም ጡቷን ይጠርጋል፣ ማለቢያውን ይሰካል፣ ወደምትቀጥለው ያልፋል። በሩ ላይ ቆሜ ነገርኩት። ሁሉንም። የኋላውን መንገድ፣ መብራቱን፣ ጎማው እጄ ውስጥ የለሰለሰውን፣ ውሸቱን። እያወራሁ እሱ ሥራውን አላቆመም። ሦስት ላም አለፈ።

«ዘጠኝ ደቂቃ» አለ፣ ሳያየኝ።

«አዎ።»

«ሞይራ አራት ደረጃ ነበር የቀረን ብላኛለች።»

«አዎ። ሰምቻታለሁ በሬዲዮ።»

«ያን ጊዜ በሕይወት ነበር?»

«አላውቅም ሄንድሪክ። መርማሪው ማወቅ አይቻልም ነው ያለው። ማንም አያውቅም።»

ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ነክሮ ጨመቀው። በአንድ እጅ መጭመቅ አስቸገረው፣ ውሃው በክርኑ ወረደ። ልረዳው ፈልጌ ነበር፣ አልደፈርኩም።

«ሽማግሌው ሰውዬ እጁን ሲዘረጋልኝ ከለከልኩት» አለ።

«አይቻለሁ።»

«በሰው ሁሉ ፊት።» ማለቢያውን የሚቀጥለው ላም ላይ ሰካው። ወተቱ በቱቦው ሲሮጥ ይሰማል። «ነገ ድልድዩን ተሻግሬ እሱ ጋ እሄዳለሁ። አንተንም ይዤህ ነው የምሄደው። እምቢ አትልም።»

«እምቢ አልልም።»

«አንተን ምን እንደምልህ ግን አላውቅም። እንድልህ የምትፈልገው ነገር ካለ፣ አልልህም። ዛሬ አልልህም። ከነጭራሹም ላልልህ እችላለሁ።»

«ምንም እንድትለኝ አልመጣሁም።»

ያን ጊዜ ነው ቀና ብሎ ያየኝ። ዓይኑ ቀልቷል፣ የተቃጠለው ቅንድቡ ገና አልበቀለም። ከዚያ በፋሻ የታሰረውን እጁን ዘረጋ፣ ወደኔ መስሎኝ ነበር፣ ከኔ ጀርባ ወዳለው በር ነው።

«ብርድ እየገባ ነው» አለ። «ዝጋው።»

ልወጣ ዞርኩ። በሩን ከውጭ ልስበው እጀታውን ያዝኩ።

«ከውስጥ ሆነህ» አለ ሄንድሪክ። «ከውስጥ ሆነህ ዝጋው። አርባ ላም ይቀረኛል፣ ያለኝም አንድ እጅ ነው።»

ዘጋሁት። ባልዲ አነሳሁ። እስክንጨርስ ድረስ እኔ እጠርጋለሁ፣ እሱ ይሰካል።